የወይዘሮ አትጠገብ ቀይ ዶሮዎች

በአንድ ወቅት ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ እናት ነበሩ። አባታቸው ያረቧቸው የነበሩትን ዶሮዎች አገሬው ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ ከአንገት እስከ ጭራ ፍም የመሰሉ ቀይ፣ እግራቸው ቢጫ፣ አናታቸው ላይ ድርብ ኩክኒ የደፉ ድምድሞች። ኋላ ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ ተቀላቀለና ዘሩ ጠፋ። ወይዘሮ አትጠገብ እያረጁ ሲሄዱ፣ "የአባቴን ዶሮዎች ዓይኔ ሳያይ ልሞት ይሆን?" ማለት አበዙ። ይህን የሰሙ ሦስት ልጆቻቸው ዘሩን ሊመልሱላቸው ተነሡ።

ታላቋ ደብሪቱ ዶሮ የሚለይ ዓይን ነበራት። ገበያ ለገበያ ዞረች። ሌላው ገዢ ዶሮውን አንሥቶ ክብደቱን ሲገምት፣ እሷ ክንፉን ዘርግታ የላባውን ሥር ታያለች፤ መሬት አስቀምጣ አቋሙን ታያለች። ስንቱን አንሥታ ስንቱን መለሰች! በመጨረሻ እግሯን ታስራ ጭቃ ላይ የተጣለች አንዲት ቄብ አገኘች።

"እህቴ፣ እሷማ ለወጥም አትሆንሽ" አላት ሻጩ።

ደብሪቱ ግን በነጠላዋ ጫፍ ጭቃውን ስትጠርገው ከሥሩ ያ ፍም ታየ። ቆይታም የሚመጥናትን አውራ አገኘችላት።

መካከለኛው ጥጋቡ ልበ ጥብቅ ነበር። ጫጩቶቹ አድገው ላባ ሲያወጡ አንድ በአንድ ይፈትሻል። ነጭ ነጥብ ያለበት፣ እግሩ የጠቆረ፣ ጣቱ የተጣመመ ከመንጋው ወጥቶ ይታረዳል። እንቁላል የማታቋርጥ ብትሆንም አይምራትም። እናቱ እንኳ፣ "ልጄ፣ ይቺንስ ተዋት፤ ታሳዝናለች" ብለው ለምነውት ነበር።

"እማዬ፣ ዛሬ አንድ ነጭ ላባ ካሳለፍኩ ነገ ቤቱ ገብስማ ይሞላል" አላቸው።

ልቡ ጨካኝ ነው እንዳትሉ፤ ባረደ ቀን ከወጡ አይቀምስም። እንዲህ እንዲህ እያለ መንጋው ቢያንስም ቅላቱ ጠራ።

ትንሿ አንጓች ባል አግብታ ከወንዙ ወዲህ ትኖራለች። አንድ ቀን ልትጠይቃቸው ስትመጣ ጥጋቡ ጭራዋ ውስጥ ነጭ ላባ ያገኘባትን ዶሮ፣ "እረጃት" ብሎ ሰጣት። አንጓች ዶሮዋን ስታይ እጇ አልታዘዝ አላት። በነጠላዋ ሸፍና ቤቷ ወሰደቻት፤ ለወንድሟም "አርጃታለሁ" አለችው። ዶሮዋም ከቀዩ አውራ የያዘችውን እንቁላል እዚያው ጥላ ታቀፈች።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገባ። ከጥጋቡ መንጋ አንድም አልተረፈም። ባዶው ቆጥ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አንጓች ቅርጫት ተሸክማ መጣች።

"ወንድም ዓለም፣ ዋሽቼሃለሁ" አለችና ክዳኑን ከፈተች። ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ነበረች።

ጥጋቡ አልተቆጣም፤ ግንባሯን ሳማት። ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ቢፈትሽ፣ ቢያገላብጥ አንድም ነጭ አጣ።

አውራዎቹ ሲጎለምሱ አንዱን ከእናታቸው ጋር ሆነው ለዶሮ ውድድር ከተማ ወሰዱት። ዳኛው አናቱን ዳሰሰ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ እግሩን አየ፣ ለቆም አስኬደው። ከዚያ አንደኛ አደረገውና፣ "ይህ ዘር በአርቢው ስም ይመዝገብ። አርቢው ማነው?" አለ።

"እኔ ያቺን ቄብ ባላገኛት ምን ዘር ይኖር ነበር?" አለች ደብሪቱ።

"እኔ ባላጠራው ከነጭ ላባዋ ዶሮ ምን ይፈለፈል ነበር?" አለ ጥጋቡ።

አንጓች ደግሞ ቀስ ብላ፣ "የሞተች ዶሮ አትታቀፍም" አለች።

ወይዘሮ አትጠገብ አውራውን ታቅፈው ዕንባቸው ይወርዳል። ሦስቱንም በየተራ ጉንጫቸውን ሳሟቸው። "ልጆቼ፣ የአባቴን ደጅ መለሳችሁልኝ፤ እድሜ ይስጣችሁ፣ የእናንተም ልጆች እንዲህ ያስደስቷችሁ! እንግዲህ በማን ስም ይመዝገብ ልበል? ለአንዱ ብሰጥ ሁለቱን የበደልኩ ይመስለኛል" አሉ።

ዳኛው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። የሚጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው። ፈልጋ ያገኘችው ናት፣ ሳይራራ ያጠራው ነው፣ ወይስ ራርታ የደበቀችው? እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ታስጽፋላችሁ?