የበረኛው አንሶላ

ተረት ልንገራችሁ፤ ንገሪን በሉኝና ልጀምር።

ሾላ ውሃ በምትባል ከተማ አመለወርቅ የምትባል ልጅ እግር እናት ነበረች። አመለወርቅ ብዙ አትናገርም፤ ብዙም አትፈልግም። በዚያ እሑድ ጠዋት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንሶላዋን ማጠብ። ሕፃኑ ሸንቶበታል፤ ዝናቡ ሰንብቶ ፀሐይ ገና ዛሬ መውጣቷ ነው። ችግሩ፣ አንሶላው ላይ ባሏ ታረቀኝ ተጋድሟል። ታረቀኝ የሾላ ውሃ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በረኛ ነው።

«ተነስ እንጂ፣ አንሶላውን ልጠበው።»

«አልነሳም። ያለ ጓንት ነው እንዴ በረኛ የምሆነው? የድሮው እንደሆነ ጣቶቹ አልቀዋል፤ እንኳን ኳስ ብርድም አይመልስም።»

«ዛሬ ካልቆምክ ፎርፌ ነው። ዛሬም ፎርፌ ከሆነ ክለቡ ይፈርሳል ተብሏል እኮ።»

«ይፍረሳ!» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

አመለወርቅ አሰበችው። ክለቡ ከፈረሰ ይህ ሰውዬ ከዚህ አልጋ እስከ ወዲያኛው ላይነሳ ነው። ልጇን አዝላ ወጣች።

አሰልጣኙን ኮች ሸምሱን ሻይ ቤት አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ ቆርኪ ደርድሮ አሰላለፍ ያወጣል። ለበረኛ የሚሆን ቆርኪ ስላጣ ቲማቲም አቁሟል።

«ኮች፣ ለታረቀኝ ጓንት ግዛለት። በረኛው አልነሳ አለ፤ አንሶላዬ አልታጠብ አለ።»

«በምኔ ልግዛ? በፊሽካዬ? ፕሬዚዳንቱ ገንዘብ ይስጠኝና እገዛለሁ» አለና ቲማቲሙን ትንሽ ወደ ግራ አስጠጋው።

የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ደጀኔ ሱቁ ከሜዳው በር ፊት ለፊት ነው። ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ሲሚንቶ ይሸጣል።

«ጋሼ ደጀኔ፣ ለኮቹ ይስጡት። ኮቹ ጓንት አልገዛ አለ፤ በረኛው አልነሳ አለ፤ አንሶላዬ አልታጠብ አለ።»

«ልጄ፣ ክለቡ የከተማው ነው። ከንቲባው በጀቱን ሳይፈርም ከየት አመጣለሁ? ሲሚንቶ ልሽጥ?»

«ሲሚንቶ ነጋዴ አይደሉም እንዴ?»

«እሱማ የራሴ ነው!»

ከንቲባው የከተማው ሆቴል በር ላይ ጫማውን በሊስትሮ ያስጠርጋል። የደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ተደርድሯል፤ አንዱም በሥራ ብዛት የደከመ አይመስልም።

«ክቡር ከንቲባ፣ ይፈርሙልን። ፕሬዚዳንቱ አልሰጥ አለ፤ ኮቹ ጓንት አልገዛ አለ፤ በረኛው አልነሳ አለ፤ አንሶላዬ አልታጠብ አለ።»

«ለባዶ ሜዳ ነው የምፈርመው? በየዓመቱ ይወስዳሉ፣ በየዓመቱ ይደኸያሉ። መጀመሪያ ደጋፊ ይግባ። ሜዳው ሲሞላ ያኔ እፈርማለሁ» አለና ሌላኛውን እግሩን ለሊስትሮው ሰጠ።

ደጋፊው ደግሞ የት እንዳለ የማያውቅ የለም። ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ሜዳው እንደ ትሪ ይታያል፤ የሚጠይቅ የለም፤ የሚከፈል የለም። የደጋፊዎች መሪ ቦጋለ ጡሩምባውን ታቅፎ ከጠዋቱ ቦታ ይዟል። አጠገቡ እትዬ ሻሼ ትልቁን ድስት ጥዳ ድንች በዳጣ ትሸጣለች። የዳጣው ሽታ ከሩቅ ያስነጥሳል።

«ቦጋለ፣ እባክህ ሰዉን ይዘህ ግባ። ከንቲባው አልፈርም አለ፤ ፕሬዚዳንቱ አልሰጥ አለ፤ ኮቹ ጓንት አልገዛ አለ፤ በረኛው አልነሳ አለ፤ አንሶላዬ አልታጠብ አለ።»

«ለታረቀኝ ልክፈል?» ጉብታው ሁሉ ሳቀ። «ባለፈው የገባበትን አይተሻል? በእግሮቹ መሃል በግ ከነግልገሏ ታልፋለች! ደግሞ እኔ ከዚህ ድንች ንቅንቅ አልልም። እታች ምን ይበላል? ሣር?»

አመለወርቅ የባሏን ስድብ ሐሰት ነው ለማለት አልተመቻትም። ወደ ድስቱ ዞረች።

«እትዬ ሻሼ፣ እባክሽ አንቺ ውረጂ። ደጋፊው አልገባ አለ፤ ከንቲባው አልፈርም አለ፤ ፕሬዚዳንቱ አልሰጥ አለ፤ ኮቹ ጓንት አልገዛ አለ፤ በረኛው አልነሳ አለ፤ አንሶላዬ አልታጠብ አለ።»

«እኔ መች ጠላሁ የኔ ልጅ? ሜዳው ውስጥ አልነበርኩ? ደጀኔ ነው ታቆሽሺያለሽ ብሎ ከነድስቴ ያስወጣኝ። እኔ ወጣሁ፣ ሰዉ ተከተለኝ። አሁን ልውረድ ብልስ፣ በዚህ ጉልበቴ ድስቱን ማን ይሸከምልኛል?»

አመለወርቅ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አዘለች፤ ነጠላዋን ጠቅልላ የድስቱን ጆሮዎች ያዘችና ብድግ አደረገችው። እትዬ ሻሼ ዳጣዋን ይዛ እያነከሰች ተከተለች።

«ኧረ ድንቹ!» ብሎ ጮኸ ቦጋለ። «ድንቹ ሊሄድ ነው!»

አቶ ደጀኔ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ የሜዳው በር ላይ እጁን ዘረጋ። «ድስት አይገባም ብያለሁ! ይኼ ሜዳ ነው ምግብ ቤት?»

«ጋሼ ደጀኔ» አለች አመለወርቅ፤ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፤ «ድስቱ አልወርድ ብሎ ነበር፣ ይኸው ወረደ። ደጋፊው አልገባ አለ፤ ከንቲባው አልፈርም አለ፤ እርስዎ አልሰጥ አሉ፤ ኮቹ ጓንት አልገዛ አለ፤ በረኛው አልነሳ አለ፤ አንሶላዬ አልታጠብ አለ። እኔን ይተዉኝና ወደ ኋላዬ ይዩ።»

አየ። ጉብታው እንዳለ ተነስቶ እየመጣ ነው። ጡሩምባው፣ ጃንጥላው፣ በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ያሉት ሕፃናት፣ ሁሉም አፍንጫውን ወደ ድስቱ ቀስሮ ይወርዳል። አቶ ደጀኔ የሲሚንቶም ቢሆን ነጋዴ ነው። የዘረጋውን እጅ ቶሎ አጠፈ።

«በሩን ክፈቱት! አይ፣ ግማሹን ብቻ! በተራ፣ በተራ! እየከፈላችሁ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ሻሼ፣ ለቦታውም ለክለቡ ትንሽ ነገር…»

«እከፍላለሁ። አንተ ግን ጥላ ሥራልኝ። ቆርቆሮ ሞልቶሃል።»

ይኼኔ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ድስቱ ወረደ፤ ደጋፊው ድስቱን ተከትሎ ገባ። ከንቲባው ሜዳው መሙላቱን ሰምቶ አንድ ጫማው ብቻ ተጠርጎ እየሮጠ መጣ፤ «የት ልፈርም? የት ልፈርም?» ቢል «ክቡርነትዎ፣ መጀመሪያ ይሰለፉ» ተባለ። ፕሬዚዳንቱ ከበሩ ገቢ ላይ ሰጠ፤ ኮቹ ጓንት ገዛ፤ በረኛው ጓንቱን ሲያይ ከአልጋው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ እሱ ከበሩ ሳይወጣ አንሶላው ውሃ ውስጥ ገባ።

ክለቡም አልፈረሰም። በሚቀጥለው እሑድ ሸንኮራ ሻጩም፣ ቆሎ ሻጯም ለቦታቸው እየከፈሉ ገቡ። ከንቲባው እስክሪብቶውን ይዞ ቢዞርም ፈርሙልን ያለው አልነበረም።

ግን በዚያች በመጀመሪያዋ እሑድ፣ አመለወርቅ አንሶላውን ስትጨምቅ፣ ጎረቤቷ ዝናቧ ከሜዳ ስትመለስ በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች።

«አንቺ! ጉድሽን አልሰማሽም? ባልሽ ሦስት ገባበት እኮ!»

አመለወርቅ አንሶላውን ፀሐይ ላይ ዘረጋችው።

«ይግባበት እቴ» አለች። «ብቻ ከአልጋ ወጥቶ ይግባበት።»

ተረቴ ይኸው ነው፤ መልሱልኝና አፌን በድንች አብሱልኝ፤ ዳጣው ግን አይብዛ።