ያልተጠለለው ጠጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነበር፤ ጠጅ ያውቅ ነበር። ተቀመጥ ናሁሰናይ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ለይትባረክ እናት የትኛውን ወይን ይዤ ልሂድ ነው ያልኸኝ። መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ፣ የሞተው እሱ ነው፣ ከቀብሩ ወዲህ ዓይኗን አላየኸውም፣ ለበዓል የላክህላት ጠርሙስ ሁሉ ሳይከፈት ተመልሶልሃል። ይህን ሁሉ ነግረኸኛል። እንግዲህ እኔ የንስሐ አባትህ ነኝ እንጂ የወይን ነጋዴ አይደለሁም፤ የማውቀው ይህን ሰውዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አትቸኩል፣ ስማኝ።

ሰውዬው በጓዳው ብዙ ጋን ነበረው። እያንዳንዱን ጋን ለየትኛው ቀን እንደጣለው ያውቃል። ለሰርግ የሚሆነው ከነጭ ማር የተጣለ፣ ጥርት ያለ፣ ሙሽራው እየጠጣ እንኳ ሙሽራይቱን የማይረሳበት ነው። ለማኅበር የሚሆነው ለስለስ ያለ ነው፤ ሽማግሌ ጠጥቶት የቤቱን መንገድ አይስትም። ለተዝካር ደግሞ ደረቁን ያወጣል፤ ሐዘንተኛ ጣፋጭ አይወርድለትማ። ለመንገደኛ ብርዝ አለው። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ እንዲህ ያለ ድግስ አለብኝ ይለዋል፤ እሱ ጋኖቹ መካከል ገብቶ አንዱን በጣቱ ኳ ያደርግና ይህን ውሰድ ይላል። አንተ በሆቴልህ ለእንግዳ ወይን ስትመርጥ ለልደቱ ይህን፣ ለውል ፊርማው ያንን እንደምትለው መሆኑ ነው። ስቶም አያውቅም። ኋላማ ኩራት ገባበትና፣ ጠጁን ካገኘህለት የማይፈታ ነገር የለም ማለት ጀመረ።

አንድ ጎረቤት ነበረው። ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር የሚኖር፣ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ገበሬ ነው። አንድ ዓመት አደይ በፈነዳ ሰሞን የባለጠጋው ንብ ከቀፎው ኮበለለና ገበሬው ዛፍ ላይ በሰቀለው ባዶ ቀፎ ሰፈረ። ንብ እንደሆነ ጌታ አይመርጥም። ማሩ በደረሰ ጊዜ ገበሬው ቆረጠ። ባለጠጋው ሰማና መጣ፤ ንቡ የእኔ ነው፣ ማሩም የእኔ ነው አለ። ገበሬው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንግዲያው ስሙን ጠርተህ ውሰደዋ ብሎ ቀለደበት። ሰው ሳቀ። ባለጠጋው ሳቁን አልቻለውም፤ በያዘው ዱላ አንዴ መታው። ሊገድለው አላሰበም፣ ይህንን ሁሉም ይመሰክርለታል። ገበሬው ግን ከአጥሩ ሥር እንደወደቀ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲያ ደም ሆነ። የሟቹ ወንድም ደም መላሽ ነው፣ ባለጠጋው ደመኛ ነው። ገበያ መውጣት ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ቀረ። ወንዶች ልጆቹ እርሻ ወርደው ማረስ አልቻሉም፤ ወንድምየው አባትየውን ካጣ እነሱን እንደማይምር ያውቁታል። ሽማግሎች ስንት ጊዜ ወጡ፣ ስንት ጊዜ ወረዱ። በመጨረሻ ካሳውም ተከፈለ፣ በካሳ የተጠየቀውም መሬት ተሰጠ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በዚያ አገር ልማድ ገዳዩ በገዛ እጁ ጠጅ ቀድቶ ለሟች እናት ይሰጣል። እናቲቱ ከጠጣች ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ካልጠጣች ግን ወንድምየውን የሚይዘው ሰው የለም። የሰውዬውም የልጆቹም ነፍስ በአንዲት አሮጊት ጉሮሮ ላይ ተንጠለጠለች።

ባለጠጋው በልቡ፣ ይህማ ቀላል ነው አለ። በጠራራ ፀሐይ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። የሰርጉን ጠጅ ይዞ መጣ፤ ከቤቴ ምርጡ ይህ ነው፣ ለእሷ ያልሆነ ለማን ይሆናል ብሎ። ተንበረከከ፤ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ይህን ታውቃለህ፤ በእኛ አገር ቀጂ ሳይቀምስ ሌላው አይጠጣም፣ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ከዚያ ዋንጫውን አቀረበላት። ጥቁር የለበሰችው አሮጊት ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይህ የሰርግ ጠጅ ነው፤ ማን ተዳረ?» አለችው።

ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ወንድምየው ገዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብሎ አየው፤ ፈገግም አለ። ሽማግሎቹ ያንን ፈገግታ አይተው ሌላ ቀን ቀጠሩ።

በሌላው ቀን ደረቁን፣ የተዝካሩን ይዞ መጣ። አሁን ገባኝ፣ ሐዘንተኛ ናት ብሎ። ቀመሰ፣ አቀረበላት። አሁንም አሸተተችው። የልጇን ተዝካር ራሷ እንዳወጣች፣ የእሱን እንዳልጠበቀች ተናግራ አስቀመጠችው። እንደገና ሄደች።

ያን ቀን ሰውዬው ፈራ። ቤቱ ገብቶ ሦስተኛውን ሊመርጥ ጋኖቹ መካከል ቆመ። የሰርጉን ከፈተና ቀመሰ፤ ውሃ ነው። የማኅበሩን ቀመሰ፤ ውሃ። የተዝካሩን፣ የመንገደኛውን ብርዝ ሳይቀር ቀመሰ፤ ሁሉም ውሃ። አሽከሮቹ ቀይረውብኝ ነው ብሎ ሚስቱን ጠርቶ አስቀመሳት። ምን ሆነሃል፣ ጠጅ እኮ ነው አለችው። ማር አምጥቶ ምላሱ ላይ አደረገ፤ ሰም የሚያኝክ መሰለው። አፉ ሞቷል። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማው። ጠጅ ሲፈላ የሚያሰማውን ታውቀዋለህ፤ ሰው ከግድግዳ ወዲያ ዝቅ ብሎ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጆሮውን በየጋኑ ላይ ለጠፈ። የሱ ጋኖች ሁሉ የከረሙ ናቸው፣ አንዱም አይፈላም። ድምፁ የሚመጣው ከአጥሩ ማዶ፣ ከሟቹ ቤት በኩል ነው። ሚስቱን ይሰማሻል ወይ አላት፤ ምንም አይሰማኝም አለችው።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተወውም። ምሳ ሲቀርብለት ይሰማዋል፣ ሰው ሲያናግረው ይሰማዋል። ሽማግሎቹ ዘንድ ልኮ፣ የምመርጠው ጠጅ የለኝም፣ አልቆብኛል አላቸው። እነሱም የእናቲቱን መልእክት ነገሩት፤ እቤቴ ይምጣ፣ ምንም ነገር ይዞ አይምጣ ብላለች አሉት። ሚስቱ ይህን ስትሰማ በኩታው ጫፍ ተንጠልጥላ አለቀሰች፤ በእግርህ ሄደህ ልትታረድ ነው አለችው። እሱም አላጣውም። ነገር ግን ካልሄድሁ ልጆቼ ዕድሜ ልካቸውን አጥር ውስጥ ናቸው፣ እኔም ይህን እየሰማሁ አልኖርም ብሎ ወጣ። እጁን ምን ላይ እንደሚያደርገው እንኳ አላወቀም፤ ባዶ እጁን ሰው ቤት ሄዶ አያውቅም ነበርና።

እናቲቱ ቤት ሲገቡ አብረውት የሄዱት ሽማግሎችም ድምፁን ሰሙት። በጓዳው ጥግ አፉ በጭቃ የተመረገ አንድ ጋን ቆሟል፤ ውስጡ ይፈላል። እናቲቱ ነገረቻቸው። ልጇ የጣለው ጠጅ ነው፣ ከዚያው ከተጣሉበት ማር። ጥሎ አፉን መርጎት ነበር፤ ሊያጠልለው አልደረሰም። ጠጅ ደግሞ ምንም ቢዘገይ ጥቂት ሳምንት ፈልቶ ዝም ይላል። ይኸኛው ክረምት አልፎበት፣ አደይ ፈንድቶ ረግፎ፣ በጋ ገብቶ እንኳ አላረፈም። ማንም ማር አልጨመረበትም፣ ማንም አልከፈተውም። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብላ ነበር። በኋላ ለመደችው፤ ምሽት ምሽት አጠገቡ እየተቀመጠች የዋለችበትን ታወራዋለች። ከሽማግሎቹ አንዱ ይህን ሲሰማ አማተበ፤ ሌላው ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ በበሩ ግን ወንድምየው ዱላውን ይዞ ቆሟል።

አሮጊቷ ምርጉን በድንጋይ ሰበረችው። ውጭ አገሩ በሐሩር ደርቋል፤ ከጋኑ የወጣው ሽታ ግን ያን ዕለት የተቀጠፈ የመስከረም አበባ ሽታ ነበር። አረፋው እስከ አፉ ወጣ። በማንቆርቆሪያ ጠልቃ ለገዳዩ ሰጠችው። እሱም፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ቀለሙን ለማየት ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረገው። የእጁን አንጓ ያዘችው።

«አትምረጥ፤ ቅዳ» አለችው።

ቀጂ ቀማሽ ነው አላልሁህም? መርዝ ቢሆን መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። መርዝ ባይሆንስ? የገደለው ሰው ጠጅ ነው። በመዳፉ ቀዳ፤ ወፍራም ነው፣ የጌሾው ስባሪ ይዋኝበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው።

ኋላ ሰዎች ምን ምን ይል ነበር እያሉ ሲጠይቁት ኖረዋል። ጥሬ ነበር ይላል። ማሩ ገና ማር ማር ይላል፣ ጌሾው ገና አልገባም። እሱ ጠጅ አዋቂ ነውና ምላሱ ወዲያው ነገረው፤ ጥቂት ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ በአገሩ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ጠጅ ይሆን ነበር። ዱላው የመታው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰው ሰውዬ በግንባሩ ተደፋ።

«ገና ነበር» አለ፤ «ገና ነበር እኮ» እያለ ጮኾ አለቀሰ።

ጋኑ ዝም አለ። እየቀነሰ አይደለም ዝም ያለው፤ የሚያወራ ሰው ሌላ ሰው ሲገባበት ድንገት እንደሚያቋርጠው ነው። ቤቱ ውስጥ የሽማግሎቹ ትንፋሽ ይሰማ ጀመር። እናቲቱ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አዘንብላ ብዙ ቆየች። ሁሉም እሷን ያያሉ።

«ልጄ ዝም አለ» አለች።

ከዚያ ዋንጫዋን ወደ ገዳዩ ዘረጋች። ተነሥቶ ቀዳላት፤ ጥሬውን ጠጅ ከነጌሾው ጠጣችው፣ ምንም አላስቀረችም። ለሁለተኛው ልጇም ቀድቶ እንዲሰጠው ነገረችው። ወንድምየው እናቱን አየ፣ ጋኑን አየ፤ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀበለ። በማግሥቱ የባለጠጋው ልጆች በሬ ጠምደው እርሻ ወረዱ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ናሁሰናይ። ያ ባለጠጋ አንተ ነህ። አታቀርቅር፤ ልሰድብህ አይደለም፣ እሱም ክፉ ሰው አልነበረም። ለደስታ ቀን መምረጥ ታውቃለህ፣ በርታ፣ ምረጥ፤ ሙሽሮችም ባለልደቶችም ይመርቁሃል። የበደልኸው ሰው ቤት ስትሄድ ግን መራጩ አንተ አይደለህም። በፋሲካ ጣፋጩን ላክህላት፤ ሳትከፍት መመለሷ ማን ተዳረ ማለቷ ነው። በሙት ዓመቱ ደረቁን ላክህላት፤ እሱንም መመለሷ እኔ አውጥቻለሁ ማለቷ ነው። አንተ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ፍለጋ ወደ እኔ መጣህ። ይገርማል እኮ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ጠርሙስ መጨመር ነበረባቸው።

ያቺ ሴት ቤት አንድ ያልተጠለለ ነገር አለ። ይትባረክ የጀመረው ትምህርት ይሆናል፣ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ትሆናለች፣ እኔ አላውቅም። እሷ ግን ሌት ተቀን ትሰማዋለች፤ ብቻዋን ነው የምትሰማው። ወይንህን የማትጠጣው ስለማይጥም አይደለም። ያንን ጥሬ ነገር ካንተ በቀር የሚቀምስላት ሰው ስለሌለ ነው፣ ልጄ። ይመራል፣ አልዋሽህም። መርዝ ሊመስልህም ይችላል። መጀመሪያ የምትጠጣው ግን አንተ ነህ፣ እሷ ከዚያ በኋላ ናት።

በል ያንን ከእግርህ ሥር ያስቀመጥኸውን ጠርሙስ ለእኔ ተውልኝ። እንዲህ አትየኝ፣ ብጠጣውም ኃጢአቱ የእኔ ነው። አንተ ባዶ እጅህን ሂድ፣ ገና ቀን ነው። በሩን ስትከፍትልህ ይህን አምጥቻለሁ የምትለው ነገር አይኑርህ፤ እማማ፣ ስለ ይትባረክ ንገሪኝ በላትና ተቀመጥ። እስክትጨርስ አትነሣ፣ አታቋርጣት፣ ይቅር በይኝ ብለህም አታጣድፋት። ጠጅ ብትሰጥህ ጠጅ ጠጣ፤ ውሃ ብትሰጥህ ውሃውን ጠጣ። ምንም ባትሰጥህ ደግሞ ከነጥምህ ተመለስና ነገ እንደገና ሂድ።