ልጇን የምትቆነጥጥ እናት

«አይቼው የማላውቀውን በሽታ በምን እለየዋለሁ?» አልኸኝ። ተቀመጥና ስማ።

አንዲት እናት ነበረች። በወለደች ዕለት የልጇ ከንፈር ሲጠቁር አየች። ጡት ሲይዝ ይታፈናል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ይታፈናል። ሲያለቅስ ግን ይመለስለታል። እሷም ብልሃቱን አገኘችው፤ ዝም ባለ ቁጥር እግሩን ትቆነጥጠዋለች። ጡቷንም እያለበች በማንኪያ ታጠጣዋለች። ባሏ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም።

ጎረቤቶቿ የልጁ ለቅሶ ቢሰለቻቸው መጡ። እግሩ መበለዙን አዩና «ይቺ ምን ዓይነት አረመኔ ናት» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ደጇን የረገጠ የለም። አማቷ ብቻ መጡና «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ቅዳሜ ቆራጩን አመጣለሁ» አሏት። ያች አራስ ሰው ናፈቃት፤ የሚያምናት አንድ ሰው።

ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደች። ታዲያ ሐኪም ፊት ስትቀርብ እንዳይሞትባት ትቆነጥጠዋለች። ሐኪሞቹ የሚያዩት ቤቱን በጩኸት የሚያናጋ፣ ፊቱ ደም የመሰለ ልጅ ነው። «ምንም አልሆነም፤ ሂጂ» ይሏታል።

አርብ ዕለት፣ ቆራጩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለአራተኛ ጊዜ ሄደች። ተረኛው ሐኪም እግሩን አየና «ለምንድን ነው የምትቆነጥጪው?» አላት። ቁጣ የለበትም።

«ዝም ካለ ይሞትብኛል» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረማ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ልጁ ዝም እስኪል ጠበቀ። ዝም ሲል ከንፈሩ ጠቆረ። ቀጭን ቱቦ በአንዱ አፍንጫው ሰደደ፤ አልገባም። በሌላውም አልገባም። ለካስ አፍንጫው ከውስጥ ተደፍኖ ነው የተወለደው፤ ጨቅላ ደግሞ ካላለቀሰ በአፉ መተንፈስ አያውቅበትም። በአፉ መተንፈሻ ቱቦ አድርጎለት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው፤ እዚያም በቀዶ ሕክምና ከፈቱለት።

ልጁ በሰላም ተኛ። እሷ ግን ዝምታውን ማመን አቅቷት፣ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ስንት ቀን ተቀመጠች።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሐኪም በሽታውን አይቶት አያውቅም ነበር፤ እንደ አንተው። እሷ ግን ሌት ተቀን ብቻዋን ስታየው ከርማለች። አንተም ዘንድ አንድ ቀን እንዲህ ያለች ሴት ወረፋ ትጠብቃለች። ለምን እንደምታደርገው ሳትጠይቅ አትስደዳት። «ሂጂ» ካሏት ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።