ጤፍ የሚያሳልፍ፣ ሰሊጥ የሚያስቀር መረብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ቤት ሠርተው መስኮት ባወጡበት ዘመን፣ ከሞቃት ቆላ ወንዝ ዳር አንዲት አህያ ትኖር ነበር። እመት አህይት ይሏታል። ውርንጭላ ወልዳለች፤ እንዴት ያለ ውርንጭላ መሰላችሁ፣ ጆሮው ከራሱ ይበልጣል። ታዲያ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቢምቢው ከወንዙ ይነሣና በመስኮት ገብቶ ልጁን ይነክሰዋል። ልጁን አተኮሰው፤ ጡትም እንቢ አለ። መስኮቱን እንዳትዘጋው ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ይገድልባታል። እንዳትከፍተው ቢምቢው አለ፤ አያ ጅቦም ውርንጭላ መወለዱን ሰምቷል።

ገበያ ወጣች። የመስኮት መረብ የሚሸጠው ቀበሮ ነው።

«አቶ ቀበሮ፣ መረብ ስጠኝ። ልጄ በቢምቢ አለቀብኝ» አለችው።

«እናቴ፣ ደህና ነጋዴ ጋ መጣሽ» አለ ቀበሮ። «ይኸውልሽ ጥቅጥቅ ያለው። ቢምቢ ቀርቶ ጭስ አያሳልፍም።»

እሷም የጠበበው ይሻላል ብላ ወሰደችው። ማንስ ቢሆን እንደዚያ አይደል የሚያስበው?

ቀበሮ ግን እሷ ዞር እንዳለች ወደ ጅቦ በረረ። «አያ ጅቦ፣ ነፋስ የማያስገባውን ሸጥኩላት። ሲሞቃት ራሷ ትከፍተዋለች። አንተ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ጭኑን ግን ለእኔ።»

«ጆሮውንም ልጨምርልህ?» አለ ጅቦ።

«አንተ ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ማታ መረቡ መስኮቱ ላይ በሚስማር ተመታ። ቢምቢ የሚባል አልገባም። ቤቱ ግን እንደ ምድጃ ጋለ፤ ውርንጭላው ያለከልክ ጀመር። እናት ምን ታድርግ፣ ልትነቅለው የመረቡን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ይኼኔ ከውጭ አንድ ድምፅ መጣ።

«እመት አህይት፣ ገና አልሞቀሽም?»

ጥርሷን አላቀቀች። «ማነው?»

«ማንም አይደለሁም። ቀበሮ ሲሞቃት ትከፍታለች ብሎኝ ነበር፤ ቆየሽብኝና ነው።»

ኧረ የጅል ነገር። «እንዲያውም በርዶኛል» አለችውና ልጇን በጆሮዋ ስታራግብለት አደረች።

ሲነጋ ጤፍና ሰሊጥ ደባልቃ፣ ያንኑ መረብ ይዛ ገበያ ደረሰች። ሞኝ እንዳትመስላችሁ፤ ወንፊት የሚመረጠው በእህሉ መሆኑን ታውቃለች።

«አቶ ቀበሮ፣ ያለህን ሁሉ ዘርጋ።»

«ምነው፣ የትናንቱ አልጠበቀም?»

«ጠብቋል። ልጄን ሊያፍንብኝ ነበር እንጂ።»

እህሉን በአንዱ መረብ ላይ በተነችው፤ ጤፉም ሰሊጡም ወረደ። «ሰሊጡ የቢምቢ አካል ያህላል። ሰሊጥ ካለፈ ቢምቢም ያልፋል» አለች። በሌላው በተነችው፤ ጤፉም ሳይቀር ላዩ ላይ ቆመ። «ይኼ ደግሞ እንደ ትናንቱ ነፋስ ይከለክላል።» ገበያተኛው ተሰበሰበ፤ አንዲት ፍየልም ሸቀጧን ጥላ መጣች። አህይት ከኋላ ተጠቅልሎ የቆመውን አየችና ሳበችው። ጤፉ ፈሰሰ፣ ሰሊጡ ቀረ። በጥርሷ ጎተተችው፤ ሽቦ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

«እሱ አይሸጥም» አለ ቀበሮ ቀልጠፍ ብሎ። «ለራሴ መስኮት ያስቀመጥኩት ነው።»

«እንግዲያው ደህናው እሱ ነዋ» አለች ፍየሏ። ገበያው በሣቅ ሞላ። ቀበሮ ምን ያድርግ፣ የትናንቱን ተቀብሎ ሽቦውን ሰጣት።

ማታውን ነፋሱ ከወንዙ ተነሥቶ በመረቡ ገባ። የልጁ ትኩሳት በረድ አለ፤ ጡቷን ይዞ ምጥምጥ ያደርገው ጀመር። ጅቦም ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብሏል። ቢምቢው መጣ፣ መረቡን ዞረ፣ መግቢያ አጣ፤ ዝቅ ሲል ጅቦን አገኘው። ሊበላ የመጣው ሲበላ አመሸ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጆቻችን ቤት የሚሆን ዕቃ ስንገዛ የሻጩን አፍ አምነን ሳይሆን፣ የሚያስቀረውንም የሚያሳልፈውንም በእጃችን ፈትነን መውሰድ እንዳለብን ነው።