የጎሽ ሜዳው ይመርና የአቶ ልመንህ ሞተር

የዛሬው አስፋልት ገና የበቅሎ መንገድ ሳለ፣ ደሴ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬ ጠያቂው ደጁን በሚያጣብብበት ዘመን፣ ጎሽ ሜዳ በምትባል ከተማ ይመር የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነበረ። እኔ አልደረስኩበትም። አባቴ ደርሶበታል። አባቴ ደግሞ ያጋንናል እንጂ አይዋሽም።

ይመር ቀጭን ነበረ። ዝምተኛ ነበረ። የሚያውቀው ቆዳና ወስፌ ነው፤ መኪና ነድቶ አያውቅም።

በጎሽ ሜዳ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ ጥቁር፣ ዓይነ ክብ፣ የጣሊያን ሥራ። ባለቤቷ አቶ ልመንህ ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት ያደርሱባታል፣ ሙሽራ ያመጡባታል። እሳቸው ሲሞቱ መኪናዋም ቆመች። ሦስት ክረምት ዝናብ መታት፣ ሞተሯ ዝጎ ደረቀ፣ ዶሮ ወንበሯ ላይ ጫጩት ፈለፈለች። በመጨረሻ የሟቹ ወንድም በላቸው መጣና፣ ለመስቀል ካልተነሳች ለቀጥቃጮች ሰጥቼ ማረሻ አስደርጋታለሁ አለ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ጥሩሰው አለቀሱ። ልጅ አልወለዱም፤ ከባላቸው የቀረቻቸው ያቺ ብረት ናት።

ይመር በዚያ ቀን የበላቸውን በቅሎ ለኮርቻ ሊለካ መጥቶ ነበር። የሴትዮዋን እንባ አየና አፉን አዳለጠው።

«እኔ እሠራታለሁ» አለ።

በላቸው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ይመርም መንገድ ላይ፣ ምን ነካኝ፣ ምን ብዬ ነው የተናገርኩት እያለ ራሱን ሲወቅስ ቤቱ ደረሰ።

ከአፍ የወጣ አይመለስም። ጊዜው ክረምት ስለነበር ስምንት ጎረምሳ ሞተሩን ፈቶ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ይመር ቤት አስገባው። ሚስቱ ሰዓዳ ሞተሩን አየች፣ አልጋውን አየች፣ ከዚያ አልጋውን ወደ ጥግ ገፋችው። ካልተነሳ ግን ከእሱ ጋር የምትተኛው አንተ ነህ አለችው።

ይመር ክዳኑን ከፈተ። ፒስቶኖቹ ከዝገት ጋር ተጣብቀዋል። ያየ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ በመዶሻ በለው አለ፤ ሌላው እሳት አንድድበት አለ። ይመር አልመታም፣ አላነደደም። የደረቀ ቆዳ ይርሳል እንጂ አይደበደብም ብሎ የኑግ ዘይት አፈሰሰባቸውና ጠበቀ። በመጀመሪያው ቀን አልተነቃነቁም። በሦስተኛው ቀን አልተነቃነቁም። በሰባተኛው ቀን በመዳፉ ጫን ቢያደርጋቸው ፍንክች አሉ። ይመር ብቻውን ቤት ውስጥ እስክስታ ወረደ ይባላል። ያወራችው ሰዓዳ ናት።

ከዚያ ሞተሩን በሙሉ ፈታው። እያንዳንዱን ብረት በቀጭን ጠፍር አሰረ፤ የመጀመሪያው ፒስቶን ወገን የሆነውን አንድ ቋጠሮ፣ የሁለተኛውን ሁለት፣ የሦስተኛውን ሦስት፣ የአራተኛውን አራት። በተራ በተራ መሬት ላይ ደረደረና አቧራ እንዳይነካው ነጭ ነጠላ አለበሰው። ከዚያ ራስጌው ተቀምጦ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ አሰበ።

ሰዓዳ ገበያ ሄዳለች። አንዲት ጎረቤት እሳት ልትጭር ብቅ አለች። ቃሬዛ ወደዚያ ቤት ሲገባ አይታለች። አሁን ደግሞ ነጭ የለበሰ ረዥም ነገር አየች፣ ይመርን ተክዞ አየች፣ ሰዓዳን ግን አላየችም። ሳትጠይቅ እሪ አለች። የቀብር ማኅበሩ፣ ቅሬው፣ ተጠራ። ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ይመር ሊያስረዳ አፉን በከፈተ ቁጥር፣ ጽና፣ አይዞህ እያሉ ደረታቸው ላይ ይደፉታል። ሰዓዳ ከገበያ ስትመለስ ደጇ ሰው ሞልቶ አገኘች። ማን ሞተብኝ ብላ ደረቷን እየመታች ገባችና ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። አጠገቧ ያለችው ሴት ልታጽናናት ዞር ብላ፣ ሞተች የተባለችውን ሰዓዳን ራሷን ስታይ ነው ነገሩ የተገለጠው።

ሳቁ እንዴት እንደነበረ ተዉት። ነገር ግን ንፍሮ ይዞ ለቅሶ የመጣ ሰው ዝም ብሎ መመለስ አፈረ። ይመርም ለየሰዉ አንዳንድ ብረት አደለና፣ በአመድና በላምባ አጥባችሁ አምጡልኝ፣ ቋጠሮዋን ብቻ አትፍቱ አለ። ብረቱ አርባ ቤት ገባ። ሰዓዳ፣ አለቀልህ፣ በትነኸዋል አለችው። በሳምንቱ ግን ሁሉም እንደ መስታወት አብረቅርቆ ተመለሰ። አንዲት ብሎን አልጎደለችም።

የመስቀል ዋዜማ ሞተሩ ተገጥሞ መኪናዋ ላይ ወጣ። በላቸው ቀጥቃጮቹን ከነመዶሻቸው አሰልፎ መጣ። ይመር ማኒቬላውን፣ ያንን ማስነሻ ብረት፣ ከፊት ሰክቶ አዞረ። አስነጠሳት። ደግሞ አዞረ። ጥቁር ጭስ ተፋች። ሦስተኛ አዞረ። ምንም የለም። በላቸው ወደ ቀጥቃጮቹ ዞረ፤ እነሱም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ይመር ምኑን አጠፋሁ እያለ እሳት የሚያመላልሱትን አራት ሽቦዎች በቋጠሯቸው ቆጠረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።»

ወይዘሮ ጥሩሰው ከኋላው ቆመዋል። ሊናገሩ ፈለጉ፣ አፈሩ፣ ከዚያ ተናገሩ።

«ይመር ልጄ፣ እሳቸው ይህን ሽቦ ሲሰኩ እንዲህ አይቆጥሩም ነበር። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነበር የሚሉት። ቁጥር እንኳ አያውቁም እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስስቅባቸው ኖርኩ።»

ሰዉ ሳቀ። ይመር አልሳቀም። እጁ ሽቦው ላይ ቀረ። ለካስ እሳቱ ለፒስቶኖቹ የሚደርሰው በተቀመጡበት ተራ አይደለም። ሽቦዎቹን ነቀለ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያለ መልሶ ሰካ። ማኒቬላውን አንድ ጊዜ አዞረ።

ሞተሩ ተነሳ።

ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን ጥለው ጨፈሩ፤ በላቸው ራሱ ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ። ይመር በዘይት የጨቀየ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። ወይዘሮ ጥሩሰው የመኪናዋን አፍንጫ በመዳፋቸው ይዘው አለቀሱ፤ በዚያ ዋዜማ ያለቀሰች ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንቅጥቅጡ እስከ ትከሻቸው ይደርስ ነበር።

«ድምፃቸው ጠፍቶብኝ ነበር» አሉ። «ስቆጥረው ነው የመጣልኝ።»

ከዚያ ወዲህ በጎሽ ሜዳ ምሰሶ ሲተከል፣ ድንጋይ ሲነሳ፣ ሰው ተባብሮ ከባድ ነገር ሲያነሳ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ተብሎ ነው የሚነሳው። ከሌላ አገር የመጣ መምህር ሁሉ ሊያርማቸው ይሞክራል። ልጆቹም፣ የርስዎ ቁጥር ለመቁጠር ነው፣ የይመር ግን ለማንሳት ነው ይሉታል። እንዲያ ሲቆጠር ሸክሙ ይቀላል ይባላል። እኔም አንድ ጊዜ ከእነሱ ጋር ግንድ አንስቻለሁ። ይቀላል።