ዔሊ ለትዳሩ ድንኳን ተከለ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ተቀመጡ፤ ዝም ያላችሁ ቆማችሁ ስሙ።

ድሮ ድሮ ዔሊና ጅግራ ተጋብተው ይኖሩ ነበር። ይዋደዱም ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ የእግር ነገር ነው። እሷ ለቁርስ ስትጠራው እሱ ለእራት ይደርሳል። እሷ ዳገት ዳገቱን ትላለች፣ እሱ ወንዝ ወንዙን። አንድ ቀን ጅግራ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ዔሊዬ፣ እወድሃለሁ። ግን አንተ እኔን ስትከተል ደከምክ፤ እኔም አንተን ስጠብቅ አረጀሁ። በሰላም እንለያይ» አለችው። ሳመችውና እያለቀሰች ወደ ዳገቷ ሄደች።

ዔሊ ግን «ዘመድ ልትጠይቅ ነው፤ ትመለሳለች» እያለ ምግብ ተወ። ከመክሳቱ የተነሳ የድንጋይ ልብሱ ሰፋው። ሊሞት ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ እመት ጦጢት እየተጎተተ ሄደና፣ «ድንኳን ስጡኝ» አለ።

«ማን ሞተብህ?»

«ትዳሬ።»

ጅግራ ለቅሶውን ስትሰማ አንጀቷ አይችልም፣ ትመለሳለች ብሎ ነው እንግዲህ! ጦጢት ነገሩ ገብቷት ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ «እንሰጥሃለን። ደንቡን ግን ታውቃለህ፤ በሰልስቱ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሐዘንተኛውም ፊቱን ይታጠባል» አለችው።

በመጀመሪያው ቀን አህያ መጣ። ዔሊ አንገቱን ቀብሮ ነበርና፣ አህያ ፊቱ መስሎት በዔሊ ጭራ በኩል ቆሞ «እግዜር ያጽናህ፣ እግዜር ያጽናህ» ሲል ዋለ። ማንም ደፍሮ አላረመው።

በሁለተኛው ቀን አያ ጅቦ መጣ። «ወዮ! ወዮ!» እያለ ገባና ግራ ቀኙን ቃኘ።

«አስከሬኑስ የት አለ?»

«የሞተው ፍቅር ነው» አሉት።

«አጥንት የለውም?»

«የለውም።»

«እንዲህ ያለ ለቅሶስ ጥንቅር ይበል!» ብሎ እየተነጫነጨ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ ጅግራ ራሷ ንፍሮ ይዛ መጣች። ዔሊ ድምጿን ሲሰማ አንገቱን መዘዘ።

«ተመለስሽልኝ! አውቄው ነበር!»

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለችው። «ሟቹ ለእኔም ዘመዴ ነበር።»

ለካ ሐዘኑ የዔሊ ብቻ አልነበረም። ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ። በትዳራቸው ሁሉ እኩል ጀምረው እኩል የጨረሱት ነገር ያ ለቅሶ ብቻ ነው ይባላል።

ከዚያ ዔሊ ንፍሮውን ቀመሰና፣ «ጨው አንሶታል» አለ።

«እሰይ! ጨው አንሶታል ያለ አይሞትም» አለች ድንኳኑን ልታስነሳ የመጣችው ጦጢት።

ዔሊ ፊቱን ታጠበ። ጅግራ ወደ ዳገቷ ወጣች። እሱም «የተከልኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ» ብሎ ድንኳኑን በጀርባው አዝሎ ወደ ዕድሩ ቤት ጉዞ ጀመረ። እስኪደርስ ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ፤ ግን መለሰ።

ዳቦውን ትቼላችኋለሁ፤ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፦ ላለፈ ፍቅር አልቅሱ፤ የዕድሩን ድንኳን ግን መልሱ።