እንግዳው የቀቀለው ቅጠል

አንድ ሰባኪ የኔታን «ሕዝቡ ስብከቴን ይሰማል፤ የሚታረቅ ግን የለም። ስለምን አያምኑኝም?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ ሰው ነበረ። ከሩቅ አገር መጥቶ በቆላ፣ በወንዝ ዳር መንደር አግብቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ሞተችበትና አንዲት ትንሽ ልጅ ቀረችው። ለመንደሩ ሰው ግን ሁልጊዜም «እንግዳው» ነበረ።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ጎተራው ሁሉ ተራቆተ። በጫካው ጠርዝ ዛፍ ለዛፍ እየተጠመጠመ የወጣ ሐረግ ብቻ ለምልሞ ቀረ። ሰዉ መርዝ ነው ብሎ ስለሚፈራው ከብቱን እንኳ አያስጠጋበትም። እንግዳው «በእናቴ አገር ቅጠሉ ይበላል። ሁለት ጊዜ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ነው» አለ።

«ሊፈጀን ነው» ተባባሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን በቀትር ከዋርካው ሥር ማሰሮ ጣደ። ሰዉ ከቦ ቆመ። ቀቀለ፤ ደፋ፤ ደግሞ ቀቀለ፤ ደግሞ ደፋ። ራሱ በልቶ ሊያሳያቸው ነበር። አንድ ጊዜ እንደ ጎረሰ ግን ልጁ መጥታ እጇን ወደ ማሰሮው ሰደደች።

ያን ቅጠል ካየ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ሌላ ቢሆንስ? እጇን ለመያዝ ቃጣ። ቢይዛት ግን ሰው ሁሉ ጥርጣሬውን ያያል፤ ሐረጉንም ዳግመኛ የሚነካው አይኖርም፤ እሷም ብትሆን ከረሃቡ አታመልጥም። ተዋት። በላች።

ከዚያ የሚሆነውን ሊያይ ሰዉ ሁሉ ይጠብቅ ጀመር። ሙቀቱ በወንዙ ላይ ይርገበገባል። ልጅቱ ራሷን ጭኑ ላይ ጥላ አንቀላፋች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እሱም እንደ ሕልም የእናቱን እጆች አየ፤ ቅጠል ሲቀነጥሱ፣ አረንጓዴ ሆነው፤ ፊቷን ግን ሊያየው አልቻለም። የልጁን ትንፋሽ እያዳመጠ፣ የዋርካው ጥላ ከእግሩ ተነሥቶ ወንዙ እስኪደርስ ድረስ አልተነቃነቀም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ ቅጠሉ አለቀ እንዴ?» አለችው።

ያን ጊዜ ሰዉ ወደ ጫካው ሮጠ። በዚያ ዓመት ከዚያ መንደር በረሃብ የሞተ የለም።

የኔታ ወደ ሰባኪው ዞሩ። «ልጄ፣ አንተም እርቅን ትሰብካለህ፤ መድኃኒት መሆኑንም እኔ አውቃለሁ። ሰዉ ግን የሚያየው አፍህን አይደለም፤ ከማሰሮው አንተና የቤትህ ሰው ስትጎርሱ ሊያይ ቆሟል። ለመሆኑ የወንድምህን ደጅ ከረገጥህ ስንት ክረምት ሆነህ?»